ሁለት ሰዓት ስለ መቀየሪያ ክፍል፣ አሥር ደቂቃ ስለ እኛ፤ ማክሰኞ ድምፅ ስጪ ተብያለሁ

የሌሊት ተረኛ (ለንደን)፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ለንደን ውስጥ አንድ ሆስፒታል በጽዳት ሥራ ላይ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ደረቴ ላይ ያለው አርማ የሆስፒታሉ ነው፤ የደመወዝ ወረቀቴ (ፔይስሊፕ) ላይ ያለው ስም ግን የሌላ። የምንቀጠረው በኮንትራክተር፣ ሥራውን ከሆስፒታሉ በውል በወሰደ ኩባንያ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ሲታመሙ ነው። አንድ ዋርድ አብራኝ የምታድር ነርስ ብትታመም ደመወዟ አይነካም። እኔ አምና ወገቤን ይዞኝ አራት ቀን ብተኛ የተከፈለኝ የአንዷ ቀን ነው፤ እሱም ሕጉ ግድ ያላቸውን ያህል። ያኔ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አይቆጠሩም ነበር።

ባለፈው ዓመት የሠራተኛ ማኅበሩ (የዩኒየኑ) ተወካይ አደረጉኝ። እንግሊዝኛዬ በልጦ እንዳይመስላችሁ። ሌሎቹ እምቢ ስላሉ ነው።

ሰሞኑን ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ትራንስ ሴቶችን (ሲወለዱ ወንድ ተብለው አሁን በሴትነት የሚኖሩትን) ያስገባ ወይስ አያስገባ የሚል። ሁለተኛው፣ የጽዳትና የኩሽና ሠራተኞች ከኮንትራክተር ወጥተን በቀጥታ በሆስፒታሉ እንቀጠር የሚል። ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀመርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ በመጀመሪያው ላይ ተጨቃጨቁ።

ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ተነሳች። «እኔ ሥራ ስጀምር ወንዶቹ ሐኪሞች ሳያንኳኩ ነበር የሚገቡብን። ይህን በር ታግለን ነው ያገኘነው» አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎ አንድ ወጣት ሐኪም፣ «ከመካከላችን ሰው እየተገፋ ነው፤ ነገ ሥራዋን ጥላ ብትሄድ ማን ይጠየቃል?» አለ። እሱም ከልቡ ነው። ከዚያ በኋላ መደማመጥ ቀረ። «ፌሚኒስት ነኝ» ያላለ ሰው አልነበረም፤ ግን አንዱ ወገን ሌላውን «አይደለሽም» ይላል። የኛ አጀንዳ ሲደርስ ሰው ጃኬቱን እየለበሰ ነበር። አሥር ደቂቃ። «መሽቷል፣ የሁለቱም ድምፅ ለማክሰኞ ይደር» ተባለ።

እኔን ያበገነኝ ምን መሰላችሁ? እኛ ጽዳቶች ያንን ክፍል ገብተንበት አናውቅም። ካርዳችን አይከፍተውም። ልብስ የምንቀይረው ሞፕ የሚቀመጥባት ጓዳ ውስጥ ነው። አንድ አምፖል አላት። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ባልዲ ገልብጠን ጫማ ለማድረግ እንቀመጥበታለን፤ ካፖርት የሚሰቀለው ምስማር ላይ ነው። ቁልፉ ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ። እናም አንዷ ስትቀይር ሌላዋ በሩን በጀርባዋ ትይዛለች። አንዲት ሙስሊም እህታችን ሂጃቧን አውልቃ እስክታስተካክል እኔ ነኝ ዘበኛዋ፤ የኔን ጊዜ ደግሞ እሷ።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ከኛ ጋር ሌሊት የምትሠራ አንዲት ትራንስ ሴት አለች፤ ፖርተር ናት፣ በሽተኛ በአልጋ የምታመላልስ። መጀመሪያ አካባቢ ጨንቆኝ ነበር፣ አልዋሽም። በልቤ የማስበው በአማርኛ ነው፤ አማርኛ ደግሞ «አንተ» ወይ «አንቺ» ካላልሽ አታሳልፍም። እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ያመልጣል። አንድ ሁለት ወር በልቤ «እርስዎ» እያልኳት ከረምኩ፣ ሳቁብኝ። አሁን «አንቺ» ነው የሚመጣልኝ። እሷ የትኛውንም ክፍል አትጠቀምም። ዩኒፎርሟን ቤቷ ለብሳ በሌሊት አውቶቡስ ትመጣለች፣ ክረምት ከበጋ። በስብሰባው ላይ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ስለሷ ሁለት ሰዓት ሲወራ አንድ ቃል አልተናገረችም። ስንወጣ «ምን ትያለሽ?» ብላት፣ «ተይው አሁን፤ እሑድን ትቀይሪኛለሽ አትቀይሪኝም?» አለችኝ።

ጥያቄዬ፦ ሕጉ አሁን ምን ይላል? በስብሰባው ሁሉም «ሕጉ ከኛ ጋር ነው» አለ፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ሁለተኛ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ብላችሁ ትመርጣላችሁ? ሦስተኛ፣ የኛ ጉዳይ አሥር ደቂቃ በማግኘቱ መናደዴ ጥፋት ነው?

—

ሊድስ ያለው፦

እህቴ፣ እኔ የነፃ የሕግ ምክር ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ወረቀት አንባቢ በይኝ።

በእኩልነት ሕጉ፣ በ2010ሩ (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ጥበቃ የተሰጣቸው ዘጠኝ ነገሮች አሉ። «ፆታ» አንዱ ነው። «የፆታ ለውጥ» ሌላው ነው። ለየብቻ ነው የተጻፉት። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው ሁለቱ አንድ በር ላይ ሲገናኙ ነው።

ኤፕሪል 16 ቀን 2025 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ዳኞች በአንድ ድምፅ ወስነዋል። በዚህ ሕግ ውስጥ «ሴት» ሲባል በተፈጥሮ ፆታዋ ሴት የሆነች ማለት ነው አሉ። በ2004ቱ ሕግ የፆታ ዕውቅና የምስክር ወረቀት የያዘች ትራንስ ሴትም ብትሆን ለዚህ ሕግ አፈጻጸም ትርጉሙ አይቀየርም። ጉዳዩ የተነሳው ከስኮትላንድ ነው፤ የመንግሥት ተቋማት ቦርድ ግማሹ ሴት ይሁን ከሚል የ2018 ሕግ። ዳኞቹ ከሰጧቸው ምክንያቶች ዋነኛው የእርግዝናና የወሊድ አንቀጾቹ ናቸው፤ «ሴት» የሚለው ቃል እዚያ አንድ ትርጉም፣ እዚህ ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልም ነው ነገሩ። ውሳኔውን ያነበቡት ሎርድ ሆጅ ግን አንዱ ወገን ሌላውን ድል እንዳደረገ አድርጋችሁ አትዩት ብለዋል። ትራንስ ሰዎች ከአድልዎና ከትንኮሳ ያላቸው ጥበቃ እንዳለ ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ ማክሰኞ ይጠቅምሻል። በ2020 አንድ የሠራተኛ ጉዳይ ችሎት (ትሪቡናል) የመኪና አምራቹ ጃጓር ላንድሮቨር ላይ ፈርዷል፤ ራሷን ወንድም ሴትም ብላ የማትወስን ኢንጂነር ሥራ ቦታ ላይ ተሳልቀውባታልና። ካሳው 180,000 ፓውንድ። በ2021 ደግሞ የይግባኙ ትሪቡናል በማያ ፎርስቴተር (በዚህ አመለካከቷ ሥራዋን ባጣች ተመራማሪ) ጉዳይ «ፆታ አይለወጥም» ብሎ ማመን ራሱ ጥበቃ ያለው እምነት ነው አለ። ማመን ይቻላል፤ በእምነት ስም የሥራ ባልደረባን ማዋከብ ግን አይቻልም። ስለዚህ እንደ አዋላጇም ሆነ እንደ ሐኪሙ የሚያስብን ሠራተኛ በሐሳቡ የተነሳ ከሥራ ማባረር አይቻልም።

አሁን ወደ ጓዳሽ። የኔን ዓይን የያዘው እሱ ነው። የ1992ቱ የሥራ ቦታ ደንብ አለ፤ ጤናንና ደኅንነትን የሚመለከት። ለሥራ ብቻ የሚለበስ ልብስ ያለው ሠራተኛ ተስማሚ መቀየሪያ ሊዘጋጅለት ይገባል ይላል። ዩኒፎርም እዚያ ውስጥ ይገባል። ለጨዋነት ሲባል አስፈላጊ ከሆነም የወንድና የሴት ለየብቻ። ደግሞ ግዴታው የቀጣሪው ብቻ አይደለም፤ ሕንፃውን የሚቆጣጠረውም በሚቆጣጠረው ልክ አለበት። ሆስፒታሉ «እናንተ የኮንትራክተሩ ናችሁ» ብሎ እጁን መታጠብ አይችልም። ባልዲዋን ፎቶ አንሻት። ምስማሩንም፣ የተሰበረውንም ቁልፍ። ቀኑን ጻፊበት።

—

ፒያሳ፦

እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህ የኛ ባህልም ሃይማኖትም አይደለም። የፈረንጅ ጣጣ እዚህ ገጽ ላይ ባይመጣ ጥሩ ነበር።

—

የሌሊት ተረኛ፦

ወንድሜ፣ እምነትህን አከብራለሁ፣ እኔም ጾሜን ጿሚ ነኝ። ግን ድምፅ ስጪ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ የምኖረውም እዚሁ ነው። «አይመለከተኝም» ብል ሌላ ሰው ይወስንልኛል። ደግሞ ኮንትራክተር የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ነገ ባንክ ስትገባ ወለሉን የምትወለውለውን ልጅ ማን እንደሚቀጥራት ጠይቃት። ባንኩ ነው ወይስ ኤጀንሲ? ከደመወዟ ስንት እንደሚደርሳትም ጠይቃት።

ሊድስ፣ ፎቶውን ትናንት ሌሊት አነሳሁ። አመሰግናለሁ።

—

የዊልስደኗ፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያንን ጓዳ አውቀዋለሁ። የኔው ባንክ ቤት ነበር፣ ከምድር በታች።

ለንደን የገባሁት በ1970 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ከአዲስ አበባ ለምን እንደወጣሁ የዚያ ዘመን ሰው ሳልነግረው ያውቃል። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ እዚህ መጥቼ መጀመሪያ የጨበጥኩት መወልወያ ነው። ያረፍኩት ዊልስደን፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ለሦስት። ሰፈሩ ውስጥ ግራንዊክ የሚባል ፎቶ አጣቢ ድርጅት ነበር። ሠራተኞቹ አብዛኛዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ ተሰደው የመጡ የህንድ ሴቶች። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1976 ሥራ አቁመው ወጥተው፣ እኔ ስደርስ ዓመት አልፏቸው አሁንም በሩ ላይ ናቸው። መሪያቸውን ጃያቤን ዴሳይን አይቻታለሁ። አጭር ናት፤ ሳሪዋ ላይ ካፖርት ደርባ፣ የእጅ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ፣ ከሷ እጥፍ ከሚረዝም ፖሊስ ፊት ትቆማለች። በልቤ «ይቺ ሴት አገሬ ብትሆን ገድለዋት ነበር» እል ነበር። ፖስተኞቹ የድርጅቱን ደብዳቤ አናነሳም ብለው አገዟቸው። ሆኖም አልተሳካም፤ በሐምሌ 1978 ተሸንፈው ቆመ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለምን መሰለሽ? ከአቤቱታቸው አንዱ ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቃቸው ነበር። ትልልቅ ሴቶች፣ እጅ አውጥተው። ስለዚህ የክፍሉን ነገር «ጥቃቅን» አትበይው። የሴት ሠራተኛ ክብር ሁልጊዜም በር ላይ ነው የሚነካው።

ከኔ በፊት ደግሞ፣ ከ1970 እስከ 72 በፈረንጆቹ፣ ሜይ ሆብስ የምትባል ጽዳት ሠራተኛ የሌሊት ጽዳቶችን ልታደራጅ ተነስታ ነበር። ያኔ የሴቶች ነፃነት የሚሉት የተማሩት ልጆች እኩለ ሌሊት ላይ ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ ወረቀት ያድሉላት ነበር፤ አንዷ ኋላ ጎረቤቴ ሆና ነው የነገረችኝ። በ72 ፉልሃም ባለ አንድ የመከላከያ ሚኒስቴር ሕንፃ ውስጥ የሚሠሩት አድማ መትተው ጭማሪም የማኅበር ዕውቅናም አገኙ። ችግሩ ኮንትራክተር ይቀየራል። ሲቀየር የተገኘው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አየሽ፣ የአንቺው በሽታ ከሃምሳ ዓመት በፊት ስሙ ታውቆ ነበር።

ድምፁን በተመለከተ፣ እኔ ከአዋላጇ ጋር ነኝ። ያቺን ፖርተር ጠልቼ አይደለም፤ የሚያዋክባት ካለ አብሬሽ እሟገታለሁ። ግን ሴት ለብቻዋ የምትሆንበት ክፍል እንዲኖር ብዙ ሰው ተሰድቧል፣ ተባሯል። «ሴት» የሚለው ቃል ወሰኑ ከጠፋ ነገ «ሴቶች ያነሰ ተከፈለን» ብለሽ የምትቆጥሪው ማንን ከማን ጋር ነው?

—

ከግላስጎው፦

እማማ ዊልስደን፣ እጅ ነስቼ ነው የምከራከርዎት። ያልስማማሁት የመጨረሻው ላይ ብቻ ነው።

እናቴ እዚህ ግላስጎው አረጋውያንን ቤት ለቤት የምትንከባከብ ነች። በፈረንጆቹ ጥቅምት 2018 ስምንት ሺህ የሚያህሉ የከተማው ምክር ቤት ሠራተኞች፣ ተንከባካቢ፣ ጽዳት፣ ምግብ ቤት፣ ሁለት ቀን አድማ መቱ። የእኩል ክፍያ ጥያቄ ነው። ቆሻሻ የሚያነሱት ወንዶች ሰልፉን አልፈን አንሠራም ብለው መኪናቸውን አቆሙ። እናቴ ያን ቀን በሁለት ካልሲ ላይ የእኔን የስፖርት ጫማ አድርጋ ስትወጣ ትዝ ይለኛል። በቀጣዩ ዓመት ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሊከፍሏቸው ተስማሙ። ለመክፈል ከተማው ሕንፃዎቹን ሸጦ መልሶ ተከራየ። ያኔ ሠልፉ ላይ ማን ምን እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

ደግሞ የትራንስ ሰዎች መብት ከሰማይ የወረደ አክቲቪዝም ይመስላቸዋል ብዙዎች። የጀመረው ከሥራ ቦታ ነው። ኮርንዎል ውስጥ በአንድ የትምህርት ተቋም ኃላፊ የነበረች ሰው ሴት ልሆን ነው ብላ ለአለቃዋ በመንገሯ ተባረረች። በ1996 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ላይ ፈረደላት። በየትኛው ሕግ መሰለዎት? በ1976ቱ የወንድና የሴት ሠራተኞች እኩልነት መመሪያ! ሴቶች ታግለው ያመጡት ሕግ ነው ያዳናት። ክሪስቲን ጉድዊንንም ላንሳ፤ የአውቶቡስ ሹፌር የነበረች። ያኔ ሴት በ60፣ ወንድ በ65 ነበር ጡረታ የሚወጡት፤ እሷ በወረቀት ወንድ ተብላ እስከ 65 መክፈል ነበረባት። አሠሪዋ እንዳይነቃ ለብቻ በቀጥታ ትከፍል ነበር። በ2002 ስትራስቡርግ ባለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ረታች፤ የ2004ቱም ሕግ የመጣው ከዚያ ነው። ጡረታና መባረር፣ ከዚያ ወዲያ ምን የሠራተኛ ጉዳይ አለ?

ክፍሉን ስለ መዝጋት ደግሞ፦ ማን በር ላይ ቆሞ ነው የሚለየው? ቁመቷ የረዘመ፣ ድምጿ የጎረነነ ሴት ሁሉ ልትጠየቅ ነው። እኔ ራሴ አንድ ዋና ቦታ ፀጉሬን አጭር ተቆርጬ ገብቼ ተጠይቄያለሁ።

—

ሊድስ ያለው፦

ሁለታችሁም ያልነካችሁት አንድ ነገር አለ፣ እህታችንን በቀጥታ የሚመለከታት። የሰሜን ዮርክሻየር የትምህርት ቤት ምግብ አብሳዮች። የካውንቲው ምክር ቤት ከኮንትራክተሮች ጋር ለመወዳደር ብሎ ደመወዛቸውን ሲቀንስ ከሰሱ፣ በ1995 ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት በነበረው በጌቶች ምክር ቤት አሸነፉ። ሥራው ወደ ኮንትራክተር የተላለፈባቸው ሴቶች ግን በ2002 ሉክሰምበርግ ላይ ተሸነፉ። ደመወዛችሁን የሚወስነው አካል አንድ አይደለም ተባሉ። ሥራው ያው፣ ድስቱ ያው፣ ልጆቹ ያው። ደመወዛቸውን ከምክር ቤቱ ወንድ ሠራተኞች ጋር ማነጻጸር አልቻሉም።

እማማ ዊልስደን «ማንን ከማን ጋር ነው የምትቆጥሪው» ያሉት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኔ መልስ ግን ሌላ ነው። እህታችንን ዛሬ ከሆስፒታሉ ሠራተኞች ጋር እንዳትነጻጸር የከለከላት የ«ሴት» ትርጉም አይደለም። ፔይስሊፕ ላይ ያለው ስም ነው።

—

የዊልስደኗ፦

እሱስ እውነት ነው። ግን ሁለቱንም መያዝ ይቻላል፣ ልጄ። ግላስጎውዬ፣ እናትሽን ሰላም በይልኝ። በፀጉርሽ የተጠየቅሽው ግን አበሳጭቶኛል።

—

የሌሊት ተረኛ፦

ሰላም፣ ማክሰኞ አለፈ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ከስብሰባው በፊት ፖርተሯን ሻይ ጋበዝኳት። «ስላንቺ ሳላወራሽ ድምፅ መስጠት ከበደኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ እንደ ባነርም እንደ ስጋትም መቆጠር እንደሰለቻት ነገረችኝ። ጀርባዋን ያማታል፤ ጭንቀቷ ሌሊት ብቻቸውን አልጋ እንዲገፉ መደረጋቸው ነው። ድሮ ሁለት ሆነው ነበር። ያንንም ለተወካይ የነገረችው ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ነው። አፈርኩ፣ እኔም ጠይቄያት አላውቅማ።

ስብሰባው ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፎቶዎቹን ግድግዳው ላይ አሳየሁ። ባልዲዋ በትልቁ ስትታይ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ ጸጥ አለ። አዋላጇ «ይሄ የት ነው?» አለች። «ከምትሟገቺለት ክፍል ሃያ እርምጃ» አልኳት። ከዚያ የሊድስን ወረቀት እያየሁ ማሻሻያ አቀረብኩ። የሴቶች ክፍል የሴቶች ሆኖ ይቆይ። ከጎኑ ያለው፣ አሁን የተሰበሩ ወንበሮች የታጎሩበት መጋዘን፣ እያንዳንዱ ለአንድ ሰው የሚሆን፣ በውስጥ የሚቆለፍ መቀየሪያ ይሠራበት፤ ማንም ሰው ሳይጠየቅ ይግባበት። የኮንትራክተር ሠራተኞችም ካርድ ሁለቱንም ይክፈት።

ሐኪሙ አልወደደውም። ሰውን ወደ ጎን ማድረግ ነው አለ፣ እውነቱን ነው፣ ትንሽ እንደዚያ ነው። አዋላጇም ሙሉ በሙሉ አልረካችም፤ በጽሑፍ «በተፈጥሮ ፆታ» የሚል ቃል ይግባ ብላ ነበር። ግላስጎው፣ አንቺም እንደማትወጂው አውቃለሁ። ሕጉ እንዲህ ባለበት ሰዓት ያቺ ልጅ ከሌሊት አውቶቡስ ወርዳ ልብሷን የምትቀይርበት በር እንድታገኝ ያሰብኩት ይኸን ነው። በአራት ድምፅ ብልጫ አለፈ። እሷ እጇን አላወጣችም፤ ተቃውማም አይደለም፣ ሺፍቷ ደርሶ ወጥታ ነበር።

ሁለተኛው አጀንዳ? ሰዓት አለቀ። አሁንም! ግን ለሚቀጥለው ወር አንደኛ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጸሐፊው ሲጽፍ ከኋላው ቆሜ አየሁ። ሰዓቱንም አስቀየርኩ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፣ እኛ ከሌሊት ስንወጣ። ሁለት የቀን ሠራተኞች «በጣም ማለዳ ነው» ብለው አጉረመረሙ።

እሑድንም ቀይሬላታለሁ።